በስላይድና በስክሪን ቀረጻ ስለ ማስተማር
ለጅጅጋና ለሰሜን ሶማሌ ከተሞች አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የቀረበ መግለጫ

የሀገር ልማት የሚከናወነው የታወቀው ነገር ከሠሪው እጅ ሲደርስ ነው። በምርምር ቤት የተገኘ ዕውቀት በመዝገብ ተጽፎ ብቻ ቢቀመጥ፥ ከጐተራ ሳይወጣ የዝናቡ ወራት እንዳለፈበት ዘር ይቈጠራል። ይህን ዕውቀት ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ የሚያደርሱት የልማት ሠራተኞች ሲሆኑ፥ በዛሬው ዘመን ለዚሁ ተግባር የሚረዱ ሁለት መሣሪያዎች በእጃቸው ገብተዋል። አንደኛው፥ ሥዕልና አጭር ጽሑፍ ገጽ በገጽ ተደርድሮ በፕሮጀክተር የሚታይበት ስላይድ ነው። ሁለተኛው፥ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ሁሉ ከአስተማሪው ድምፅ ጋራ የሚቀዳበት የስክሪን ቀረጻ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚገዙ ናቸው። ነገር ግን አያያዛቸው ካልታወቀ ጥቅማቸው ጥቂት ነው። ከብቱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ሲመለከት ውሎ፥ ስሙን በመዝገብ አስፍሮ አበሉንም ተቀብሎ ወደ መንደሩ ቢመለስ፥ ተማረ ሊባል አይቻልም። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውም አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የአስተማሪው አገልጋይ እንጂ በአስተማሪው ስፍራ የሚተካ አለመሆኑን፥ መልካም ቀረጻም ማለት በፈለጉት ጊዜ አቁመው ሊጠያየቁበት የሚቻል ቀረጻ መሆኑን ነው።

ስለ ሀገሩ ጠባይ

በፋፈን ዞን ያሉት ጅጅጋ፥ ቀብሪ በያህ፥ አውበሬ፥ ሐርሺንና ቶጎ ውጫሌ፥ በሲቲ ዞንም ያለችው ሽንሌ የከብት አርቢው፥ የገበሬውና የነጋዴው መገናኛ ናቸው። በጅጅጋ ሜዳ ማሽላ፥ በቆሎና ስንዴ ይዘራል፤ ከዚያ አልፎ ሲሄዱ ግመልና ፍየል የሚበዛበት ግጦሽ ይገኛል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚመጣው መምሪያ ግን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የልማት ሠራተኛው በሁለቱ መካከል ቆሞ ያስተረጕማል። ስለዚህ ከማዕከል የመጣ ስላይድ እንዳለ ተከፍቶ ቢታይ፥ ጽሑፉ ለተመልካቹ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

የሶማሌ ሕዝብ ደግሞ ንግግርን የሚያከብር፥ ረጅም ግጥም በቃሉ ይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፍ ሕዝብ ነው። ፊደል ያልቈጠረ አርብቶ አደር አንድ ጊዜ በሚገባ የሰማውን ነገር ለጎረቤቱ ሳያዛንፍ ይነግራል። እንዲህ ላለው ሰው በጥሩ ሶማልኛ የተነገረ ድምፅና ግልጽ ሥዕል ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጥበታል።

ቀድሞ ስለ ታየው ልምድ

በኢትዮጵያ በምስል ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ተላልፎ በታላላቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች እንዲታይ ተደርጓል። ዝግጅቱ የተሰናዳው በደቡብ አፍሪካ፥ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። የዚህ ሥራ ዓላማ መልካም ነበር፤ በዋና ከተማም ሆነ በጠረፍ ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ሆኖም ትምህርቱ በተወሰነ ሰዓት ከሳተላይት ስለሚተላለፍ፥ ተማሪው ባይገባው መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። የትምህርቱ ፍጥነትና የቋንቋው ክብደት ተማሪዎቹን እንዳስቸገረ፥ መምህሩም ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት እንደ ወረደ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። ጕድለቱ ከሥዕሉ አልመጣም፤ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ካለመሆኑ የመጣ ነው።

ከዚህ የተለየ ሌላ ልምድም አለ። በሕንድ ሀገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የተጀመረው ዲጂታል ግሪን የሚባለው ሥራ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከእርሻ ሚኒስቴር ጋራ በመተባበር በኢትዮጵያ ይሠራበት ጀመር። በዚህ ዘዴ በአካባቢው የሚኖር ገበሬ በገዛ እርሻው ላይ ሥራውን ሲሠራና በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳ በአጭር ቪዲዮ ይቀረጻል። ቪዲዮው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጥቂት ሰዎች ጉባኤ ይታያል። የልማት ሠራተኛው በየመካከሉ እያቆመ «ይህ ሰው ምን አደረገ? ስለምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ በጤፍ፥ በስንዴና በበቆሎ ላይ የተደረገ ጥናት፥ ይህ ዘዴ ከተለመደው ምክር ይልቅ ለብዙ ገበሬዎች እንደሚደርስ፥ መረዳታቸውንም ሆነ በሥራ ማዋላቸውን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል።

ሁለቱም ምስል ያሳዩ ነበር። የፊተኛው ተመልካቹን ትቶት ይሄድ ነበር፤ የኋለኛው ግን ተመልካቹን ይጠብቃል። በአሜሪካ የሚኖረው ሳልማን ኻን ለዘመዶቹ ልጆች ሒሳብ ሲያስጠና የጀመረው የስክሪን ቀረጻም በዓለም የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹ ትምህርቱን በአካል ከሚያገኙት ይልቅ በቀረጻ ማየቱን እንደ ወደዱት ራሱ ተናግሯል፤ ያልገባቸውን ያለ ኀፍረት አቁመው ደጋግመው ማየት ይችሉ ነበርና።

ስለ ስላይድ አዘገጃጀት

ፓወርፖይንት የተባለው የስላይድ ማዘጋጃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ከወጣ ወዲህ ዓለምን ሁሉ አዳርሷል፤ ከጥቅሙም ጋራ አንድ መጥፎ ልማድ አብሮ ተሠራጭቷል፤ ይኸውም ንግግርን በሙሉ በገጹ ላይ ጽፎ መልሶ ለተሰብሳቢው ማንበብ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የትምህርትን ጠባይ የሚመረምረው ሪቻርድ ሜየር ባደረጋቸው ሙከራዎች፥ ሥዕል በድምፅ ሲብራራ ተማሪው በደንብ እንደሚረዳ፥ ያው ቃል ደግሞ በጽሑፍ ሲደገምበት ግን አሳቡ ተከፋፍሎ መረዳቱ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ስለዚህ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። የፍየል በሽታ ምልክት በአንድ ገጽ፥ መድኃኒቱ በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

2ኛ፤ ሥዕሉ ከሀገሩ የተነሣ ፎቶግራፍ ይሁን። የሌላ ሀገር ከብትና የሌላ ሀገር ሣር ያየ አርብቶ አደር «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ትምህርቱንም አብሮ ይተወዋል።

3ኛ፤ ጽሑፍ ካስፈለገ ጥቂት ቃል በሶማልኛ ይጻፍ፤ ፊደሉም በመጨረሻ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው እስኪችል ይተልቅ። ይህም በግምት አይታለፍ፤ አዘጋጁ ራሱ ከኋላ ሄዶ ቆሞ ይመልከት።

4ኛ፤ ውይይት ሲጀመር ሥዕሉ ይጥፋ። በፓወርፖይንት ማሳያ ላይ «ቢ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫኑ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል። ያን ጊዜ የሰዉ ዐይን ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ተናጋሪው ይዞራል።

5ኛ፤ ለሹማምንት በአማርኛ የሚዘጋጀው ስላይድ በዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓይነት ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆናል። በአዲስ አበባ የተሠራው ጽሑፍ ጅጅጋ ሲከፈት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ለጥንቃቄ በፒዲኤፍ መልክም አስቀምጦ መያዝ ይበጃል።

ስለ ስክሪን ቀረጻ

የስክሪን ቀረጻ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥራ ለማስተማር ነው። የመረጃ ቅጽ አሞላል፥ የገበያ ዋጋ አላላክ፥ የበሽታ ወይም የተባይ ሪፖርት አደራረግ በቃል ብቻ ቢነገር ያስቸግራል፤ የትኛው ምልክት እንደሚነካ በዐይን ሲታይ ግን ወዲያው ይገባል። ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች ስክሪናቸውን የሚቀርጹበት ዘዴ በውስጣቸው አለ። ለኮምፒዩተርም ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። ፓወርፖይንትም ራሱ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ ድምፅ ቀድቶ ሁሉን በአንድ ቪዲዮ ያወጣል፤ በአንዱ ገጽ ላይ ስሕተት ቢገኝ ያንኑ ገጽ ብቻ ደግሞ መቅዳት ይቻላል።

ቀረጻው አጭር ይሁን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 በኤድኤክስ የኢንተርኔት ትምህርት ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ አመለካከቶች ተመርምረው፥ ተማሪዎች ከ6 ደቂቃ በታች የሆነውን ቪዲዮ አብልጠው እንደሚከታተሉ፥ ሲረዝም ግን እንደሚተዉት ተገኝቷል። ስለዚህ የ30 ደቂቃ ትምህርት በአንድ ቀረጻ ከሚያዝ፥ በ5 ወይም በ6 ተከፍሎ እያንዳንዱ የየራሱ ስም ቢኖረው ይሻላል።

ቀራጩ ከመጀመሩ በፊት የስልክ ጥሪና መልእክት እንዳይገባ ያጥፋ፤ የግል ደብዳቤው፥ የባንክ ሒሳቡ ወይም የሰው ስም ዝርዝር በስክሪኑ ላይ እንዳይታይ ይጠንቀቅ። በስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ያተልቅ። «እዚህ ጋ ንኩ» ብሎ አይለፍ፤ «ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን አረንጓዴ ምልክት ንኩ» ብሎ ስፍራውንና መልኩን ይናገር። እያንዳንዱን ሥራ ከፈጸመ በኋላ ጥቂት ዝም ይበል፤ አሳዪው ቀረጻውን የሚያቆመው በዚያ ዝምታ ነውና። በጅጅጋ ሜዳ ነፋስ ስለሚበረታ ድምፅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ ከአፍ በቀረበ ማይክሮፎን ይቀዳ። ሥዕሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ሲቈራረጥ ግን ትምህርቱ ይጠፋል።

የቀረጻው ፈተና አንድ ብቻ ነው። ሥራውን ከዚህ በፊት ላላወቀ ሰው ቀረጻው ይታየው፤ ከዚያም ስልኩ በእጁ ይሰጠውና ያለ ረዳት እንዲሠራ ይታዘዝ። የቆመበትና ያመነታበት ስፍራ ቀረጻው የሚታረምበት ስፍራ ነው።

ምሳሌ፤ ስለ አንበጣ

ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በሶማሌ ክልልና በሌሎችም ክልሎች ታላቅ ጥፋት አድርሷል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ መሆኑን ገልጾ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሰፈረ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱም በየቀኑ የክብደቱን ያህል፥ ማለት 2 ግራም ገደማ ይበላል። ይህ ተባይ ክንፍ ሳያወጣ በምድር ላይ ሳለ ካልተደረሰበት፥ ከበረረ በኋላ ማጥፋቱ አውሮፕላንና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። የአንድ መንደር ሰው በጊዜው ያየውን በጊዜው ቢናገር የብዙ ወረዳ እህልና ግጦሽ ይድናል። ስለዚህ ትምህርቱ በሚከተለው ዓይነት ቢዘጋጅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ገጽ ተራ ፌንጣና በሶማልኛ አየሕ የሚባለው አንበጣ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ «ልዩነታቸው ምንድር ነው?» ተብሎ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ። በሁለተኛው ገጽ እንስቲቱ በረጠበ አሸዋማ መሬት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት እንቍላልዋን ስትጥል ይታያል፤ በመንደሩ አጠገብ እንዲህ ያለ መሬት የት እንዳለ ተሰብሳቢው ይናገራል። በሦስተኛው ገጽ በሙቀት ወራት በሁለት ሳምንት ገደማ የተፈለፈሉት ክንፍ የሌላቸው ግልገሎች ተሰብስበው ሲጓዙ ይታያሉ። በአራተኛው ገጽ እስኪበሩ ድረስ የቀረው ጊዜ ከ30 እስከ 40 ቀን ገደማ መሆኑ በጨረቃ አቈጣጠር ይገለጻል፤ አንድ ጨረቃ ተወልዳ እስክታልቅ ድረስ ያለው ጊዜ ለአርብቶ አደሩ ከቍጥር ይልቅ ግልጽ ነውና። በአምስተኛው ገጽ ያየ ሰው ለማን እንደሚነግር ይታያል።

ከዚህ በኋላ ለልማት ሠራተኞችና ለወጣቶች ብቻ የስክሪን ቀረጻ ይከተላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአሜሪካ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ኢሎከስት3ኤም የሚባል የስልክ መሣሪያ አውጥቷል። ይህ መሣሪያ የቦታውን ልክ በሳተላይት ወስዶ፥ የተባዩን ዓይነትና ፎቶግራፍ መዝግቦ ይይዛል፤ ኔትዎርክ በሌለበት ቢመዘገብም ኋላ ኔትዎርክ ሲገኝ ይልካል። የመጀመሪያው ቀረጻ መሣሪያውን መክፈትና ቦታ መያዝን፥ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ማንሣትን፥ ሦስተኛው መላክን ብቻ ያሳይ።

ስለ ማሳያው ጊዜና ስፍራ

በሜዳው ብርሃን የፕሮጀክተር ሥዕል ይፈዛል፤ ስለዚህ ጨለማ ክፍል ከሌለ ከመግሪብ ጸሎት በኋላ በነጭ አቡጀዲ ላይ ማሳየት ይሻላል። የጸሎት ሰዓትና የረመዳን ወር ይከበር። በሰሜን ሶማሌ የሚጠበቁት ዝናሞች «ጉ» እና «ከረን» ስለ ሆኑ፥ ትምህርቱ ከእነዚህ በፊት ይሰጥ፤ ዝናሙ ሲመጣ መንጋውና ባለቤቱ ከስፍራቸው ይነሣሉ። ፍየል የሚያልቡትና ወተት ገበያ የሚያወጡት ሴቶች ስለ ሆኑ፥ የወተትና የፍየል ጤና ትምህርት በእነርሱ ሰዓት፥ ቢቻልም በሴት የልማት ሠራተኛ ይሰጥ።

መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ፤ ቀረጻውም በኢንተርኔት ላይ ብቻ ሳይሆን በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ካርድ ይያዝ። ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠ አስተማሪ ያልደረሰበት መንደር ሊደርስ ይችላል።

የአስተዳዳሪዎች ተግባር

አስተዳዳሪው ራሱ ስላይድ እንዲሠራ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ጥያቄ የሥራውን መልክ ይወስናል። «ስንት ሰው ሠለጠነ? ስንት ገጽ ታየ?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ብዙ ስምና ብዙ ገጽ ይቀርብለታል። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንት ሰው በሥራ አዋለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ትምህርቱን ያሻሽላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማሳያ በኋላ አንድ ሰው ተልኮ፥ ከተመለከቱት ጥቂቶቹ የተማሩትን በተግባር እንዲያሳዩ ቢደረግ መልካም ነው።

ደግሞም ከማዕከል የመጣው ትምህርት ከመታየቱ በፊት በሶማልኛ ተተርጕሞ፥ በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በክልሉ የአርብቶና ከፊል አርብቶ አደር ምርምር ተቋም ባሉ ባለሙያዎች ይታረም፤ የጎሣ መሪዎችና ሽማግሌዎችም አስቀድመው ይመልከቱት። እነርሱ ያልተቀበሉት ትምህርት በመንደሩ ሥር አይሰድም። ፊታቸው የሚቀረጽ ሰዎች ፈቃዳቸው ይጠየቅ። ፕሮጀክተሩ፥ ባትሪውና ካርዱ በስሙ የተመዘገበ አንድ ጠባቂ ይኑራቸው። ሰፊ እርሻ የያዙ ሰዎችም ለመቅረጫ እርሻቸውን ቢያበድሩ፥ ለሠራተኞቻቸውም ማሳያውን ቢያዘጋጁ፥ ጥቅሙ ተመልሶ ለራሳቸው ነው።

መሣሪያው ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢሆን በዓመቱ ያረጃል። በዐዋቂ እጅ ከሆነ ግን በሐርሺን ጕድጓድ አጠገብ የተቀመጠ አርብቶ አደር የልማት ሠራተኛውን «ቈይ፤ ያንን መልሰህ አሳየኝ» ሊለው ይችላል። የተመለከተው ሁሉ ይህን እንዲል ማስቻል የአስተማሪው ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚበቃ ጊዜና መሣሪያ መስጠት ደግሞ የአስተዳዳሪው ሥራ ነው።